ሕዋስም ምጣዱን ይመርጣል

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት አካባቢ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ከሚነሡት የጤና ጉዳዮች መካከል «ስቴም ሴል» የሚባለው ሕክምና አንዱ ሆኗል። ልጇ ዕድሜው ደርሶ ያልቆመላት እናት፣ ባሏ በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳባት ሚስት፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው አረጋዊት ስለዚህ ሕክምና ከሰው ሰምተው ተስፋ ያደርጋሉ። አንዳንዶችም በእጅ ስልካቸው የውጭ አገር ክሊኒክ ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። የማስታወቂያው ፍሬ ነገር፣ «ሕዋስ እንወስዳለን፤ እናባዛለን፤ መልሰን በመርፌ እንሰጣለን፤ የተጎዳው አካል ይድናል» የሚል ነው። ዋጋውም የሚጠየቀው በዶላር ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ከእነዚህ ሰፈሮች ሩቅ አይደለም። ስለዚህም ለብዙ ቤተሰብ የጎደለው ገንዘቡ ብቻ መስሎ ይታያል። ኮንዶሚኒየም ለሽያጭ ይቀርባል፤ ዕቁብ ቀድሞ ይወሰዳል፤ ዘመድ ወዳጅ ያዋጣል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ሕዋሱ ከየት የተወሰደ ነው? ምን ላይ ሆኖ አደገ? ከሰውነት ከገባ በኋላስ ምን እንደሚሆን በምን ታወቀ?

የዛሬው ጽሑፋችን በተለይ የሚያተኩረው በሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ሕዋስ በሚያድግበት ወለል ላይ ነው። በዚህ ረገድ ከእርሳስ ጥቁር ፍሬ የሚገኝ «ግራፊን» የተባለ እጅግ ስስ ንጣፍ የተመራማሪዎችን ትኩረት ከሳበ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የዚህ ንጣፍ ተስፋ ምን እንደሆነ፣ እስከ ምን እንደደረሰና ቤተሰብ ከዚህ ሊገነዘብ የሚገባው ምን እንደሆነ ቀጥለን እንመለከታለን።

ሥራውን ገና ያልመረጠ ሕዋስ

የሰው አካል የተገነባው ሕዋስ ከሚባሉ፣ በዓይን ብቻ ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። በአንድ ጎልማሳ አካል ውስጥ ከ30 ትሪሊዮን በላይ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል። እነዚህ ሁሉ እንደ አንድ ትልቅ ቤተሰብ የሥራ ድርሻ አላቸው። የቆዳ ሕዋስ ሰውነትን ይሸፍናል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ኦክሲጅን ያመላልሳል፤ የነርቭ ሕዋስ መልእክት ያደርሳል። አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ሥራቸውን ከያዙ በኋላ ወደ ሌላ ሥራ አይዛወሩም።

ከእነዚህ መካከል ግን ሥራቸውን ገና ያልመረጡ ሕዋሳት አሉ። ግንዱ ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ሁሉ ከእነርሱም ሌሎች ሕዋሳት ስለሚወጡ ግንደ ሕዋስ ይባላሉ። «ስቴም ሴል» የሚለው ቃል ትርጉምም ይኸው ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚገኙት የደም ግንደ ሕዋሳት ዕድሜ ልካችንን አዲስ ደም ይተካሉ። በዚያው በመቅኔና በስብ ውስጥ የሚገኙ ሌሎች ግንደ ሕዋሳት ደግሞ አጥንት፣ ልም አጥንት ወይም ስብ መሆን ይችላሉ።

ሳይንስ በዚህ መስክ ብዙ ተራምዷል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄምስ ቶምሰን ከሰው ፅንስ የተገኙ ግንደ ሕዋሳትን ከሰውነት ውጪ ለማሳደግ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ ሥራውን የያዘ የአይጥ ቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት እንዲመለስ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። በዓመቱም ይኸው በሰው ሕዋስ ተደገመ። ያማናካ ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር የ2012ን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ግንደ ሕዋሳቱ እጅግ ጥቂት በመሆናቸው ነው። አጥንት መሆን የሚችለው ግንደ ሕዋስ ከ10,000 የመቅኔ ሕዋሳት መካከል አንድ እንኳ ላይገኝ ይችላል። በመሆኑም ለሕክምና የሚበቃ መጠን ለማግኘት ከሰውነት ውጪ ማራባት ያስፈልጋል። ሕዋሱ በንጹሕ ሳህን ላይ ይደረጋል፤ ስኳርና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ያሉበት የምግብ ፈሳሽ ይጨመርለታል፤ ከዚያም የሙቀቱ መጠን እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህም ሆኖ አብዛኛው ሕዋስ ተንሳፎ አያድግም። የሚጣበቅበትና እግሩን የሚተክልበት ወለል ይፈልጋል።

ሊጡ አንድ፣ ምጣዱ ልዩ ልዩ

ይህን ነገር ለመረዳት የኢትዮጵያ ሴት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። አንዱን ሊጥ በሁለት ምጣድ ላይ ማስፋት በቂ ነው። በወጉ በተሟሸ፣ በጎመን ዘር በታሰሰ ምጣድ ላይ የፈሰሰው ሊጥ ዓይኑን አውጥቶ፣ ጠርዙ ተነሥቶ፣ ሳይቀደድ ይወጣል። ባልተሟሸው ላይ የፈሰሰው ግን ይይዛል፤ ይቆራረሳል፤ ከእንጀራነት ወደ ፍርፋሪነት ይለወጣል። የጤፉ ዓይነት፣ የእርሾው መጠን፣ የቡካቱ ቀን አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ከሥር ያለው ነገር ነው።

ሕዋስም እንደዚሁ ነው። ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የምርምር ውጤት ነው። ተመራማሪዎቹ ከመቅኔ የተወሰዱ አንድ ዓይነት ግንደ ሕዋሳትን ልስላሴያቸው በሚለያይ ወለሎች ላይ አሳደጉ። የምግብ ፈሳሹ ተመሳሳይ ነበር። እንደ አንጎል ለስላሳ በሆነው ወለል ላይ ያደጉት የነርቭ ሕዋስ ጠባይ ያዙ፤ እንደ ሥጋ መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ላይ ያደጉት ወደ ጡንቻ አዘነበሉ፤ ጠንከር ባለው ላይ ያደጉት ደግሞ ወደ አጥንት አመሩ። ከዚህም ወለል ሕዋሱ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የሕዋሱን የወደፊት ሥራ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ መሆኑን ለመረዳት ተቻለ።

ቀደም ባሉት ዓመታት አስቸጋሪ የሆኑ ሕዋሳትን ለማሳደግ ሌሎች ሕያው የአይጥ ሕዋሳት በሳህኑ ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፉ ነበር። ከእንስሳት ቆዳና ጅማት የሚወጣ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲንም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው ጥራቱ ሊለያይ ይችላል፤ ለሰው የማይስማማ ባዕድ ነገር ይዞ እንዳይመጣም ያሰጋል። ከእንስሳት ያልመጣ፣ ንጹሕና ጠባዩ የታወቀ ወለል ፍለጋ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማሪ እርሳስ እስከ ምርምር ሳህን

ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚጽፉበት እርሳስ ጥቁሩ ፍሬ እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠራ አይደለም። ግራፋይት ከሚባል የካርቦን ማዕድንና ከሸክላ አፈር የተደባለቀ ነው። ግራፋይት እንደ ቂጣ በተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች የተሠራ በመሆኑ ወረቀት ላይ ሲታሽ ንጣፎቹ እየተላጡ ይቀራሉ። የጽሕፈቱ ጥቁር ምልክት እነዚህ የተላጡ ንጣፎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ የተባሉ ሳይንቲስቶች ግራፋይትን በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ደጋግመው እየላጡ በመጨረሻ አንድ ንጣፍ ብቻ ለይተው ለማግኘት ቻሉ። ይህ ውፍረቱ የአንድ አቶም ያህል ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ግራፊን ይባላል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ግራፋይት 3 ሚሊዮን ያህል የግራፊን ንጣፎች የተደራረቡበት ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ለዚህ ሥራቸው የ2010ን የኖቤል ሽልማት በፊዚክስ ተሸልመዋል።

ግራፊን ስስ ቢሆንም እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሳይሰበር ይተጣጠፋል፤ ብርሃን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ብርሃን ማሳለፉ ተመራማሪው ከሥር የሚያድገውን ሕዋስ በማጉያ መነጽር እንዲያይ ይረዳዋል። ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ደግሞ በኤሌክትሪክ መልእክት ለሚሠሩት ለልብና ለነርቭ ሕዋሳት ተፈላጊ ጠባይ ነው።

ዛሬ ለምርምር የሚያገለግለው ግራፊን በፕላስተር እየተላጠ ብቻ የሚገኝ አይደለም። አንዱ ዘዴ ስስ የመዳብ ወረቀት እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማጋል ሜቴን የተባለውን ጋዝ ማሳለፍ ነው። ከጋዙ የሚለየው ካርቦን በመዳቡ ላይ አንድ ንጣፍ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያም መዳቡ በኬሚካል ሟሙቶ ንጣፉ ወደ መስተዋት ወይም ወደ ፕላስቲክ ይዛወራል። ሌላው ዘዴ ግራፋይትን በጠንካራ አሲድ አክሞ ግራፊን ኦክሳይድ የሚባል በውሃ ውስጥ የሚበተን ዓይነት ማግኘት ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም ጠባያቸው አንድ አይደለም። ይህንንም ቀጥሎ የምንገልጸው ውጤት ያሳያል።

በሲንጋፖርና በሶል የታየው

እ.ኤ.አ. በ2011 በሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከሰው መቅኔ የተገኙ ግንደ ሕዋሳትን በግራፊን በተሸፈነ ወለል ላይ አሳደጉ። ሕዋሳቱ በደህና ተጣበቁ፤ ተራቡም። ወደ አጥንትነት የሚመራ የምግብ ፈሳሽ ሲሰጣቸው በግራፊን ላይ ያሉት ወደ አጥንት የሚያደርጉት ጉዞ ፈጠነ። በተለመደው አሠራር ለዚህ ዓይነቱ ፍጥነት ቢ.ኤም.ፒ.2 የተባለ ውድ የአጥንት ማሳደጊያ ፕሮቲን ይጨመራል። በሲንጋፖሩ ሙከራ ግን በግራፊን ላይ ያሉት ሕዋሳት ፕሮቲኑ ሳይጨመርላቸው ከተጨመረላቸው ጋር የሚቀራረብ ውጤት አሳይተዋል።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? በዚያው ዓመት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት መልስ ሰጥቷል። ግራፊን በምግብ ፈሳሹ ውስጥ ያሉትን ሕዋሱን ወደ አጥንት የሚመሩ ንጥረ ነገሮች ወደ ራሱ ስቦ በገጹ ላይ ያከማቻል። ቅቤና ቅመም የለመደ ሸክላ ድስት ለአዲሱ ወጥ ጣዕም እንደሚያቀብል ሁሉ ግራፊንም ያከማቸውን ለሕዋሱ በቅርብ ያቀርባል። በሌላ በኩል ስብ ለሚሆኑ ሕዋሳት የሚያስፈልገው ኢንሱሊን በግራፊን ላይ ሲያርፍ ቅርጹን ያጣል፤ ስለዚህ የስብ ሕዋሳት መፈጠር ይዳከማል። ግራፊን ኦክሳይድ ግን ኢንሱሊኑን ሳያበላሽ ስለሚይዝ በእርሱ ላይ ሕዋሳቱ ወደ ስብነት ለመለወጥ አልተቸገሩም። እንግዲህ «ግራፊን» የሚለውን ስም መስማት ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ዓይነት፣ ለምን ሥራ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በዚሁ በ2011 በደቡብ ኮሪያ ሶል ከተማ የተካሄደ ጥናት ደግሞ የሰው የነርቭ ግንደ ሕዋሳትን በግራፊን ላይ ለሳምንታት አሳድጓል። በመስተዋት ላይ ካደጉት ጋር ሲነጻጸሩ በግራፊን ላይ ካደጉት መካከል መልእክት አስተላላፊ ወደሆኑት ዋና የነርቭ ሕዋሳት የተለወጡት በልጠው ተገኝተዋል። የአከርካሪና የአንጎል ጉዳትን ለመጠገን ለሚታሰበው ሥራ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ካርቦንን ለነርቭ ሕክምና ለማዋል በሚደረገው ጥረት ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ድርሻ አላቸው። በካሊፎርኒያ የሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳሙኤል ክንዴ ካሰኝ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአንጎልን መልእክት የሚቀበሉና የሚያነቃቁ ጥቃቅን ሽቦ መሰል መሣሪያዎችን መስተዋት መሰል ካርቦን ከተባለ ቁስ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናታቸው ይህ ካርቦን ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ሲሠራበት ከተለመደው ስስ የፕላቲነም ሽፋን የተሻለ እንደሚጸና አመልክተዋል። ቁሱ የግራፊን ዘመድ እንጂ ራሱ ግራፊን አይደለም። ሆኖም ካርቦንና ነርቭ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚያሳይ ነው።

በአገር ውስጥም ቢሆን ከቦሌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ቁሶች የሚያጠና የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። ሴት ልጃቸው በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ጎበዝ የሆነችላቸው ወላጆች ይህ መንገድ ለእርሷም የተከፈተ መሆኑን ቢነግሯት መልካም ነው።

በሳህን ላይ ያለው ሁሉ በሰው ላይ አይደለም

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ የተገኘው በምርምር ሳህን ላይ መሆኑን አንባቢያን ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። በግራፊን ላይ የተራባ ግንደ ሕዋስ ለሕሙማን እንዲሰጥ የተፈቀደ ሕክምና የለም። ለዚህም በቂ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ በሳህን ላይ የተጣበቀ ንጣፍና በሰውነት ውስጥ የሚቀር ንጣፍ አንድ አይደሉም። የተላቀቀ የግራፊን ስባሪ ጠርዙ ስለት በመሆኑና ከሕዋስ ሽፋን ጋር ስለሚገናኝ፣ መጠኑ ከበዛ ሕዋስን ሊጎዳ እንደሚችል በምርምር ታይቷል። ሁለተኛ፣ ሰውነት ይህን ነገር ቀስ በቀስ ሰባብሮ ያስወግደዋል ወይስ በሳንባ፣ በጉበትና በሌሎች ክፍሎች ያከማቸዋል የሚለው በሚገባ ተጠንቶ ማለቅ አለበት። ሦስተኛ፣ የአንዱ ፋብሪካ ግራፊን ከሌላው በንጽሕናና በመጠን ሊለያይ ስለሚችል ለሕክምና የሚሆን ወጥ ደረጃ ያስፈልጋል።

የዚህ ጥናት ሂደት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2024 በስኮትላንድ ኤዲንበርግ የተደረገው ሙከራ ውጤት ታትሞ ነበር። በሙከራው 14 ፈቃደኞች በጥንቃቄ የተጣራ ግራፊን ኦክሳይድ ለ2 ሰዓት ያህል እንዲተነፍሱ ተደርጎ ሳንባቸውና የደም ዝውውራቸው ተመርምሯል። ለአጭር ጊዜ ጉዳት አልታየም። ግራፊን በማንቸስተር ከተለየ ከ20 ዓመት በኋላ የደረሰበት እርምጃ ይህን ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ክሊኒክ ተነሥቶ «በግራፊን ላይ ያሳደግነው ግንደ ሕዋስ ልጅዎን ያድናል» ቢል፣ ዓለም ያልደረሰበትን ደርሻለሁ እንደማለት ነው።

የተረጋገጠውና ያልተረጋገጠው

ይህ ሲባል ግንደ ሕዋስ ባዶ ወሬ ነው ማለት አይደለም። በረጅም ጊዜ ሥራ የተረጋገጡ ሕክምናዎች አሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። ዶክተር ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1957 የጀመሩት ይህ ሕክምና ዛሬ ለአንዳንድ የደም ካንሰርና በዘር ለሚተላለፉ የደም በሽታዎች በብዙ አገሮች ይሰጣል። ለዚህም ዶክተሩ የ1990ን የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በእኛ ባህል እትብት የተቀበረበት ቦታ ትልቅ ትርጉም አለው። በዚያ እትብት ውስጥ የሚቀረው ደም የደም ግንደ ሕዋሳት እንዳሉበት ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በፓሪስ ፈረንሣዊቷ ሐኪም ኤሊያን ግሉክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከባድ የደም በሽታ በዘር የወረሰ የ5 ዓመት ልጅ በአራስ እኅቱ እትብት ደም አከሙት። ልጁም ዳነ።

በእሳት ለተቃጠለ ቆዳም መፍትሔ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሐዋርድ ግሪን የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከባልደረባቸው ጋር የሰው ቆዳ ሕዋስን በአይጥ ሕዋሳት ምንጣፍ ላይ ማሳደግ ቻሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆን ቆዳቸው የተቃጠለ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት ከራሳቸው ትንሽ ቆዳ ተወስዶ በተራባላቸው ሽፋን ሕይወታቸው ሊተርፍ ችሏል። እንደዚሁም ጣሊያናዊቷ ግራዚዬላ ፔሌግሪኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 በኬሚካል የተቃጠለ ዓይንን ከደህናው ዓይን ጠርዝ በተወሰዱ ግንደ ሕዋሳት ማከም እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ ኅብረት ተፈቅዷል። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ ፈቃዱ 18 ዓመት እንደፈጀ ልብ ይሏል።

በአንጻሩ ሴሬብራል ፖልሲን፣ ኦቲዝምን፣ የቆየ የአከርካሪ ጉዳትን ወይም እርጅናን በግንደ ሕዋስ መርፌ እናድናለን የሚሉት ማስታወቂያዎች እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የላቸውም። ገንዘብ ማባከን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በቀለለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ የወጣ የሕክምና ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ያለበት አንድ ልጅ ወደ ሌላ አገር ተወስዶ የነርቭ ግንደ ሕዋስ ከተሰጠው ከ4 ዓመት በኋላ በአንጎሉና በአከርካሪው ላይ ዕባጭ ተገኝቷል። ዕባጩም ሲመረመር የልጁ ሳይሆን ከሕዋስ ለጋሾቹ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአሜሪካ ፍሎሪዳ 5,000 ዶላር እየከፈሉ ከስባቸው የወጣ ሕዋስ በሁለቱም ዓይኖቻቸው የተወጉ 3 አሮጊቶች ዓይናቸው በጽኑ መጎዳቱ ተዘግቧል። ሕዋሱ የራሳቸው ነበር፤ ነገር ግን ያለ ቦታው ገባ።

ከመወሰን በፊት የሚጠየቁ

በመሆኑም ስለ ግንደ ሕዋስ ሕክምና የቀረበላት ማንኛዋም እናት ወይም ቤተሰብ ቤት ከመሸጡና ዘመድ ከማስቸገሩ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ ቢቀበል ይጠቅማል።

1ኛ፦ ይህ ሕክምና ለዚህ በሽታ የተፈቀደ ነው? የፈቀደውስ የየትኛው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው?

2ኛ፦ ሕዋሱ ከራሱ ከሕመምተኛው ነው ወይስ ከሌላ ሰው? ከሌላ ከሆነ ከተላላፊ በሽታ ነጻ መሆኑ በምን ተረጋገጠ?

3ኛ፦ የሚራባው የት ነው? በምን ዓይነት ወለል ላይና በምን ፈሳሽ? ከመሰጠቱ በፊትስ ንጽሕናው እንዴት ይመረመራል?

4ኛ፦ ገና ሙከራ ከሆነ ተመዝግቧል ወይ? በሥነ ምግባር ኮሚቴስ ታይቷል? በደንቡ መሠረት በተያዘ ሙከራ ላይ የሚሳተፍ ሕመምተኛ ለሚሞከርበት መድኃኒት ብዙ ገንዘብ እንዲከፍል መጠየቁ በራሱ አጠራጣሪ ነው።

5ኛ፦ ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ሌላ ችግር ቢመጣ ማን ይከታተለናል? ሙሉ የሕክምና ማስረጃው ይሰጠናል ወይ?

መልሱን ይዞ ሕመምተኛውን ለሚከታተለው ሐኪም ማሳየት ተገቢ ነው። በአንድ መርፌ ብዙ ዓይነት በሽታ ይድናል የሚል፣ ማስረጃው የዳኑ ሰዎች ምስጋና ብቻ የሆነ፣ ወይም «ቦታው እንዳያልፍብዎ ዛሬውኑ ይክፈሉ» እያለ የሚያጣድፍ ወገን ሲያጋጥም ገንዘብን በእጅ ይዞ መቆየት ብልህነት ነው።

ዛሬ በእጃችን ያለው

ሳይንቲስቶች ሥራቸውን ሲቀጥሉ ቤተሰብም የሚሠራው አለው። ገና በፅንስ ላይ ሳሉ ከሚደርሱት የአከርካሪና የአንጎል ጉዳቶች ብዙዎቹን መከላከል ይቻላል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ ይህ አደጋ በብዙ ይቀንሳል። የፅንሱ አከርካሪ የሚዘጋው ብዙዎች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ውስጥ በመሆኑ፣ እርግዝናው ከታወቀ በኋላ ብቻ መጀመሩ ሊዘገይ ይችላል። ሴሬብራል ፖልሲ ያለበት ልጅም በጊዜ የተጀመረ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ይጠቅመዋል። እናቲቱ ከባለሙያው ተምራ በቤቷ በየዕለቱ የምታሠራው እንቅስቃሴ ርቆ ከተገዛ መርፌ የበለጠ የታወቀ ጥቅም አለው።

የፈላ ውሃና የጋለ ዘይት ሕፃናት ከማይደርሱበት ማስቀመጥ፣ ኖራና በረኪናን ከዓይን ማራቅ፣ ድንገት ዓይን ውስጥ ቢገቡ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ፣ ሳይንቲስቶች በብዙ ድካም የሚተኩትን ቆዳና የዓይን ሽፋን አስቀድሞ ማዳን ነው። የዓይን ብሌናቸው ጠባሳ ለያዘባቸውም እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከለጋሾች በሚገኝ ብሌን የብዙዎችን ብርሃን ለመመለስ ረድቷል።

የግራፊን ወለል አንድ ቀን በአጥንትና በነርቭ ሕክምና ቦታውን ሊያገኝ ይችላል። ያ ቀን ሲደርስ ወሬው የሚመጣው በተቆጣጣሪዎች ፈቃድና በሐኪሞች ምክር እንጂ በስልክ ማስታወቂያ አይሆንም። እስከዚያው ድረስ ምጣዱን ሳትፈትሽ ሊጥ የማታፈስ ባለሙያ ሴት፣ ለልጇም ሕክምና ስትወስን ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቃ እንድትረዳ እናሳስባለን።